የተጫዋቾችን አስተያየት መዝኖ ለመጠቀም የሚረዳ መመሪያ፦ «ስቲምወርልድ ክዌስት» እንደ ማሳያ

በካርድ እየተዋጉ ስለሚጫወቱት የቪዲዮ ጨዋታ፣ ስለ «ስቲምወርልድ ክዌስት»፣ የተጻፉ አስተያየቶችን ተራ በተራ ያነበበ ሰው ግራ መጋባቱ አይቀርም። አንዱ ተጫዋች ውጊያው እያንዳንዱን ካርድ ሁለት ጊዜ እንዲያስብበት እንዳስገደደውና ጨዋታውን ከእጁ ማስቀመጥ እንዳቃተው ይጽፋል፤ ከሥሩ ያለው ደግሞ አንድ ተራ ጠላት ለመጣል የሚፈጀው ጊዜ ትዕግሥቱን እንደጨረሰበት ያማርራል። እኔ ጨዋታውን ከጨረስሁ በኋላ የደረስሁበት መደምደሚያ ሁለቱም እውነታቸውን ነው የሚል ነው፤ የተለያየ ካርድ ይዘው ስለተጫወቱ በተግባር የተጫወቱት አንድ ጨዋታ አልነበረም። ይህ መመሪያ ቅሬታው ከጨዋታው የመጣ ይሁን ወይስ ቅሬታ አቅራቢው ራሱ ካዘጋጀው የካርድ ስብስብ እንዴት እንደሚለዩ፣ ከዚያም ገንዘብዎን ለማውጣት ወይም ላለማውጣት እንዴት እንደሚወስኑ በቅደም ተከተል ያሳያል።

ጨዋታውን ለማያውቁት በአጭሩ ላስተዋውቅ። የሠራው ኢሜጅ ኤንድ ፎርም የተባለ የስዊድን ጎተንበርግ ስቱዲዮ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 25 ቀን 2019 ኔንቴንዶ ስዊች በተባለው የጨዋታ መሣሪያ ላይ ወጥቶ በዚያው ዓመት ግንቦት 31 ወደ ኮምፒውተር ተሻገረ። ስቱዲዮው ከ2010 ጀምሮ በእንፋሎት የሚንቀሳቀሱ ሮቦቶችን ዓለም በተለያየ ዓይነት ጨዋታ ሲተርክ የቆየ ነው፤ በ2013 የማዕድን ቁፋሮ፣ በ2015 የጠፈር ዘረፋ አድርጎት ነበር፤ በ«ክዌስት» ደግሞ ያንኑ ዓለም ወደ ባላባትና አስማተኛ ተረት ወስዶታል። ጨዋታው የሚመደብበት ስቲምፓንክ የሚባለው ዘውግ ጥርስ ያለው ጎማ፣ የመዳብ ቱቦና የፈላ ውኃ ግፊት ዓለምን የሚያንቀሳቅሱበት ነው። እዚህ ግን እንፋሎት የጌጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የውጊያው መገበያያ ገንዘብ ነው። ይህን ነጥብ ይያዙት፤ ከዚህ በታች የሚመጣው ሁሉ በእሱ ላይ የቆመ ነው።

ደረጃ 1፦ አስተያየት ሰጪው ጨዋታውን ከምን ጋር እያወዳደረ እንደሆነ ይለዩ

ጨዋታው በወጣበት ወቅት በካርድ ውጊያ ስሙ የገነነው «ስሌይ ዘ ስፓየር» ነበር፤ ከሙከራ ሽያጭ ወጥቶ ሙሉ ጨዋታ የሆነው በዚያው ዓመት ጥር ላይ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ወደ «ክዌስት» የመጣው ያንኑ ዓይነት ልምድ ፍለጋ ነበር። ሁለቱ ግን ካርድ ከመያዛቸው በቀር ዝምድናቸው ሩቅ ነው። በ«ስሌይ ዘ ስፓየር» ሲሞቱ ሁሉን ነገር አጥተው ከመጀመሪያው ይነሳሉ፣ የካርድ ስብስብዎም በመንገድ ላይ በሚያገኙት እየተለወጠ ይሄዳል። በ«ክዌስት» ግን ታሪኩ በምዕራፍ የተከፋፈለና አንድ ወጥ ነው፤ ጀግኖቹ ልምድ እያካበቱ ያድጋሉ፣ ካርዶቹን ከነጋዴ ዘንድ እያሠሩና እያሻሻሉ ያቆያሉ፣ እያንዳንዱ ጀግናም ሁልጊዜ 8 ካርድ ብቻ ይይዛል።

እንግዲህ አንድ አስተያየት «ሁለተኛ ጊዜ ለመጫወት የሚጋብዝ ነገር የለውም» ካለና ሰውየው የሚወደው ጨዋታ የመጀመሪያው ዓይነት ከሆነ፣ እርስዎ ግን ታሪክ ያለውና አንድ ጊዜ ተጫውተው የሚጨርሱት ጨዋታ ከፈለጉ፣ ቅሬታው ለእርስዎ እንደ ምስጋና ሊቆጠር ይችላል። ተቃራኒውም እውነት ነው። «ታሪኩ ደስ ይላል» ብሎ ያሞገሰ ሰው፣ እርስዎ የሚፈልጉት በየጊዜው የሚለዋወጥ ፈተና ከሆነ ምንም አልጠቀመዎትም።

ደረጃ 2፦ የስቲምን ማጠቃለያ ቃል ሳይሆን ከበስተጀርባው ያለውን ይመልከቱ

ስቲም የሚባለውን የጨዋታ መደብር ማለቴ ነው፤ የስሙ ትርጉም እንፋሎት መሆኑ ለዚህ ጽሑፍ ችግር ስለፈጠረብኝ መደብሩን «ስቲም»፣ በጨዋታው ውስጥ ያለውን ደግሞ «እንፋሎት» እያልሁ እቀጥላለሁ። ስቲም ተጫዋቾችን በኮከብ እንዲመዝኑ አይጠይቅም። የሚጠይቀው «ትመክራለህ ወይስ አትመክርም» የሚለውን ብቻ ነው። በገጹ ላይ የሚታየው መቶኛም የመከሩት ሰዎች ድርሻ እንጂ የጨዋታው ጥራት ነጥብ አይደለም። 90 በመቶ ማለት ከ10 ሰዎች 9ኙ «ይሁን» ብለዋል ማለት ነው፤ ዘጠኙም «ሳይሞቅ ሳይበርድ» ዓይነት ስሜት ይዘው ሊሆን ይችላል። እንዲያውም ማንንም የማያስቀይም መካከለኛ ጨዋታ ግማሹ ሰው ከሚያብድለት ግማሹ ከሚጠላው ድንቅ ጨዋታ የበለጠ መቶኛ ያገኛል።

በማጠቃለያው ውስጥ የሚቆጠረው ጨዋታውን ከስቲም በቀጥታ የገዙ ሰዎች አስተያየት ነው፤ ከ2016 ጀምሮ ከሌላ ቦታ በተገኘ ኮድ የተከፈተ ቅጂ ባለቤት መጻፍ ቢችልም ድምፁ በመቶኛው ውስጥ አይገባም። «የቅርብ ጊዜ» የሚለው ማጠቃለያ ያለፉትን 30 ቀናት ብቻ ስለሚይዝ፣ እንዲህ ባለ ቆየት ባለ ጨዋታ ላይ በጥቂት ሰዎች ስሜት ይዋዥቃል። ስለዚህ እዚህ አጠቃላዩን ይያዙ።

ደረጃ 3፦ በእያንዳንዱ አስተያየት ላይ የሰፈረውን ሰዓት ያንብቡ

ስቲም ሰውየው በጠቅላላ ስንት ሰዓት እንደተጫወተ፣ አስተያየቱን ሲጽፍ ደግሞ ስንት ሰዓት ላይ እንደነበረ ለይቶ ያሳያል። ለመጻፍ የሚጠየቀው ትንሹ ጊዜ 5 ደቂቃ ብቻ ነው። «ክዌስት» ተረጋግቶ ለሚጫወት ሰው ከ15 እስከ 20 ሰዓት ገደማ የሚወስድ ስለሆነ፣ ሰዓቱ የጻፈው ሰው ምን እንዳየና ምን እንዳላየ ይነግርዎታል።

በ2 ሰዓት ላይ የጻፈ ሰው የሚያውቀው አርሚሊ የተባለችውን ጀግና የመሆን ምኞት ያላት ባላባት፣ አስማተኛዋን ኮፐርኒካንና ግዙፉን አካሚ ጋሌዮን ብቻ ነው። ኋላ የሚቀላቀሉትን ብቸኛ ተዋጊ ኦሪክንም ሆነ እንደ አንድ ሰው የሚዋጉትን መንትያ ሌቦች ታራንና ቴይንን አላገኛቸውም፤ ሦስቱን ጀግኖች ከአምስት መምረጥ ምን ያህል ውጊያውን እንደሚለውጥም አያውቅም። አጀማመሩ ቀርፋፋ ነው የሚለው ቅሬታው ግን ትክክል ነው፤ እኔም እመሰክራለሁ። በአንጻሩ በ18 ሰዓት ላይ «በየመንገዱ ያሉት ጠላቶች ቀለማቸውን እየቀየሩ ይመለሳሉ» ብሎ የጻፈ ሰው ከጀማሪው የማይሰሙትን ነገር ነግሮዎታል። በእኔ ግምት በዚህ ጨዋታ ላይ ሚዛን የሚደፋው ከ10 ሰዓት በኋላ የተጻፈ ነቀፌታና ከ10 ሰዓት በኋላ የተጻፈ ምስጋና ነው።

ደረጃ 4፦ ቅሬታውን ወደ ምንጩ ይመልሱ

ይህ ከሁሉም የሚበልጠው ደረጃ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልሄድበት። በጨዋታው ላይ ተደጋግሞ የሚነሳው ቅሬታ ውጊያው ይረዝማል፣ በእጅ ላይ ያሉት ካርዶች አይሠሩም፣ ዕድል ብቻ ነው የሚወስነው የሚል ነው። ይህን ለመመዘን የውጊያውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል።

ሦስት ጀግኖች እያንዳንዳቸው 8፣ በድምሩ 24 ካርድ ይዘው ይገባሉ። ካርዶቹ በአንድ ላይ ይበወዛሉ። በእጅዎ 6 ይመጣሉ፤ በየዙሩ 3 ይጥላሉ፤ የማይፈልጓቸውን እስከ 2 ድረስ በሌላ መተካት ይችላሉ። ካርዶቹ በደምሳሳው ሁለት ዓይነት ናቸው፤ የመምቻ ካርድ ያለ ክፍያ ይጣልና 1 እንፋሎት ያስገኛል፣ የክህሎት ካርድ ደግሞ ከባድ ሥራ ይሠራና ያጠራቀሙትን እንፋሎት ይበላል። እንፋሎቱ የሦስቱም የጋራ ነው። በአንድ ዙር ሦስቱንም ካርዶች ከአንድ ጀግና ከጣሉ በያዘው መሣሪያ የሚወሰን አራተኛ ምት በነጻ ይታከልልዎታል። አንዳንድ ካርድ ደግሞ ከተወሰነ ባልደረባ ካርድ ቀጥሎ ሲጣል ብቻ ተጨማሪ ጉልበት ያወጣል።

አሁን አንድ ዙር በቅርበት እንይ፤ ዋጋዎቹን ለማሳያ ያህል ነው የመረጥኋቸው። የእንፋሎት መለኪያው 1 ላይ ነው። በእጅዎ ሁለት የአርሚሊ መምቻ፣ 3 እንፋሎት የምትጠይቅ አንዲት የአርሚሊ ከባድ ምት፣ አንድ የኮፐርኒካ መምቻ፣ 4 የምትጠይቅ የኮፐርኒካ መብረቅና 2 የሚጠይቅ የጋሌዮ መፈወሻ አለ። የመጀመሪያውን መምቻ ሲጥሉ መለኪያው 2 ይሆናል፣ ሁለተኛውን ሲጥሉ 3። ከባዷ ምት ያንን 3 በልታ ትወርዳለች፤ ሦስቱም የአርሚሊ ስለሆኑ አራተኛው ምት በራሱ ይከተላል። መለኪያው ባዶ ቢሆንም ጠላቱ በአንድ ዙር አራት ጊዜ ተመቷል። መብረቋና መፈወሻው በእጅዎ ላይ ቆይተው ለሚቀጥለው ዙር ይጠብቃሉ።

በተቃራኒው ብርቱ መስለው የታዩትን ካርዶች ሁሉ የሰበሰበ ተጫዋች እጅ ይህን ይመስላል፦ አንድ መምቻና አምስት ውድ ክህሎት። መለኪያው እንደ ቅድሙ 1 ላይ ሳለ መምቻውን ይጥላል፣ 2 እንፋሎት ይኖረዋል፤ ሁለት ካርድ ይቀይራል፣ ሁለት ሌላ ውድ ካርድ ይመጣለታል። ዙሩ በአንድ ደካማ ምት ያልቃል፣ ጠላት ይመታዋል፣ ቀጣዩም ዙር እንደዚያው ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ውጊያው እውነትም ይረዝማል፤ ዕድሉም እውነትም የጠመመ ይመስላል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የክህሎት ካርዶችዎ በአማካይ 2 እንፋሎት የሚበሉ ከሆነ፣ አንዷን ለመጣል ሁለት መምቻ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከሦስቱ ካርዶች ሁለቱ መምቻ የሆኑበት ዙር ነው ራሱን የሚችለው። እያንዳንዱ ጀግና 2 መምቻ ብቻ ከያዘ ከ24ቱ 6 ናቸው፤ በ6 ካርድ እጅ ላይ በአማካይ አንድ ተኩል ይደርስዎታል። 4፣ 4 ሲያደርጓቸው ደግሞ በአማካይ 3 ይመጣል፤ ሁለቱን መቀየሪያዎችም ሲጨምሩ እንፋሎት የማጣት ነገር እየቀረ ይሄዳል። ሌላው መንገድ ሥራ መከፋፈል ነው፤ አርሚሊን በመምቻ ሞልተው የእንፋሎት ምንጭ ያደርጓትና ኮፐርኒካ የእሳት፣ የበረዶና የመብረቅ ካርዶቿን በዚያ እንፋሎት ትጣል። እኔ ይህኛውን መረጥሁ።

ይህን ከተረዱ በኋላ አስተያየቶቹን መለየት ይቀልልዎታል። «እንፋሎት አይበቃም»፣ «ካርዱ አይመጣልኝም»፣ «ተራ ጠላት እንኳ አይሞትም» የሚሉት ቅሬታዎች አብዛኛውን ጊዜ በሰውየው ካርድ ምርጫ ላይ የሚያርፉ ናቸው። በእርግጥ ጨዋታው ይህን ቀደም ብሎ በግልጽ አለማስተማሩ ራሱ ጥፋት ነው ብሎ የሚከራከር ይኖራል፤ እኔም በከፊል እስማማለሁ። «ጠላቱ ለእሳት አይበገርም» የሚለውም ከዚሁ ወገን ነው፤ ጠላቶች ለአንዱ ኃይል ደካማ ለሌላው ጠንካራ ስለሆኑ፣ ካርድ ሳይቀይሩ ወደ አዲስ ምዕራፍ መግባት በዝናብ ቀን ያለ ጃንጥላ መውጣት ነው።

ከጨዋታው ራሱ የሚመጡት፣ ምንም ዓይነት ካርድ ቢይዙ የማያመልጧቸው ቅሬታዎች ሌሎች ናቸው። ታሪኩ የሚነገረው በጽሑፍ ንግግር ነው፤ ንግግሩም ብዙ ነው፣ የሴራውም አካሄድ ቀድሞ የሚገመት ነው። በተመሳሳይ ክፍሎች ውስጥ የተደበቀ ሣጥን ፍለጋ መመላለስ አለ። ጤናን ለመመለስና ጨዋታውን ለማስቀመጥ የሚያገለግሉትን ሐውልቶች ሲጠቀሙ የተሸነፉት ጠላቶች ሁሉ ተመልሰው ይቆማሉ፤ ይህ ልምድ ለማካበት የሚጠቅመውን ያህል የሚያሰለቸውም ሰው አለ። እነዚህን የሚያነሳ አስተያየት ሲያገኙ፣ ጉዳዩ እርስዎንም ያሰለችዎት እንደሆነ ብቻ ይጠይቁ፤ እውነት መሆኑን አይጠራጠሩ።

በሦስተኛ ወገን ያሉት የጣዕም ጉዳዮች ናቸው፤ በእጅ የተሣለው ሥዕል፣ ሙዚቃው፣ የቀልዱ ዓይነት። ሥዕሉን የነቀፈ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም። በዚህ ረገድ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ከመቶ አስተያየት ይሻላል።

ደረጃ 5፦ የትኛውን የክብደት ደረጃ እንደመረጠ ይፈልጉ

ጨዋታው ሦስት የክብደት ደረጃ አለው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ስኳየር፣ ናይትና ሌጀንድ። «ቀላል ነው» ወይም «አለቃ ጠላቶቹ ግፍ ናቸው» የሚል ቃል ያለ ደረጃው ትርጉም የለውም። ጸሐፊው ካልገለጸ ያንን ክፍል ይዝለሉት።

ደረጃ 6፦ የራስዎን ሁኔታ ከአስተያየቱ አጠገብ ያስቀምጡ

አብዛኛው አስተያየት ሰጪ የእርስዎን ሁኔታ አያውቅም። ጨዋታው አማርኛ የለውም፤ ታሪኩም በጽሑፍ ስለሚነገር እንግሊዝኛ ማንበብ የሚያደክመው ሰው ከጨዋታው ሲሶ ያህሉን ያጣል። ውጊያውን ለመጫወት ግን ጥቂት ደርዘን ቃላት ይበቃሉ፣ ካርዶቹም ቁጥርና ምልክት አላቸው። በጎ ጎኑን ካየን፣ ውጊያው ተራ እየጠበቀ የሚሄድ ስለሆነ ፍጥነት አይጠይቅም፤ ኢንተርኔት የሚያስፈልገውም ለማውረድ ብቻ ነው፤ መብራት ቢጠፋ የሚያጡት ከመጨረሻው ሐውልት ወዲህ ያለውን ነው። አዲስ አበባ ሆኖ በላፕቶፕ ለሚጫወት ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ክፍያው በዶላር ስለሆነም የሚያጣድፍ ነገር ከሌለ ቅናሽ ይጠብቁ፤ የዚህ ዕድሜ ጨዋታ በስቲም ወቅታዊ ሽያጮች ላይ ዋጋው በደንብ ይወርዳል።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዓታት እንደ ፈተና ይጠቀሙባቸው

ስቲም ከግዢው በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ተጫውተው ከሆነ ገንዘብ ይመልሳል። ያነበቡትን በራስዎ እጅ የሚያጣሩበት ዕድል ይህ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱን ሰዓት በትክክል ካልተጠቀሙ የሚፈርዱት በመክፈቻው ብቻ ነው። ንግግሮቹን በፍጥነት እያለፉ ሦስቱ ጀግኖች እስኪሰባሰቡ ይሂዱ። ከዚያ ካርድ ማስተካከያውን ይክፈቱና ሁለት ዓይነት ስብስብ ይሞክሩ፤ መጀመሪያ ያለዎትን ውድ ካርድ ሁሉ አስገብተው አንድ ውጊያ ይዋጉ፣ ቀጥሎ ግማሹን መምቻ አድርገው ከተመሳሳይ ጠላት ጋር ይግጠሙ። ሐውልቱ ጠላቶቹን ስለሚመልስልዎ ለዚህ ሙከራ የተሠራ ይመስላል። በሁለቱ መካከል የዙሩን ብዛት ይቁጠሩ። ልዩነቱ ካስደሰተዎት፣ ማለትም «ይህችን በዚያች ብተካትስ» የሚል ሐሳብ ከመጣብዎ፣ ጨዋታው የእርስዎ ነው። ልዩነቱን አይተው ምንም ካልተሰማዎት ቀሪው ጊዜ የተለየ ደስታ ስለማይሰጥዎ ገንዘብዎን ያስመልሱ።

በዚህ ወቅት የውጊያውን እንቅስቃሴ ማፍጠኛውንም ይፈልጉት። ስለ ርዝመት የሚያማርሩ ብዙዎች ማፍጠኛ መኖሩን ያወቁ አይመስለኝም።

ደረጃ 8፦ የራስዎን አስተያየት ለሚቀጥለው ሰው በሚጠቅም መንገድ ይጻፉ

የትኞቹን ሦስት ጀግኖች እንደተጠቀሙ፣ በየትኛው የክብደት ደረጃ እንደተጫወቱ፣ ከ24ቱ ካርዶች ስንቱ መምቻ እንደነበሩና የት ላይ እንደተቸገሩ ይግለጹ። ስቲም የጻፉትን በኋላ እንዲያርሙ ስለሚፈቅድ፣ ሐሳብዎ ሲለወጥ አሮጌውን ሳይሰርዙ ከሥሩ ይጨምሩበት፤ የሐሳቡ መለወጥ ራሱ ለአንባቢው መረጃ ነው።

የእኔው አሁንም እዚያው ተለጥፏል። የላይኛው አንቀጽ በ5 ሰዓት ላይ፣ ጋሌዮን በውድ ካርዶች ብቻ ሞልቼ በአንድ አለቃ ጠላት ሦስት ጊዜ ከተሸነፍሁ በኋላ በንዴት የጻፍሁት ሲሆን «አልመክርም» ይላል። የታችኛው በ17 ሰዓት ላይ የተጨመረ ነው፦ «ናይት ደረጃ፤ አርሚሊ፣ ኮፐርኒካ፣ ኦሪክ፤ መምቻ ከ24ቱ 11፤ ከላይ የጻፍሁት ስለ ካርዶቼ እንጂ ስለ ጨዋታው አልነበረም፤ ንግግሩ ግን አሁንም ይበዛል።»